አምስተኛው አንቀጽ

እኛ በሠራነው ማሽን አንዲት ሴት ሁለት እጆቿን ተቃጠለች። ማስጠንቀቂያውን ከዘጠኝ ቀን በፊት በእንግሊዝኛ ጽፈን ልከን ነበር። ደርሷቸዋል፣ ከፍተውታል፣ መልስም ጽፈውልናል፤ "ስለ መልካም ምኞታችሁ ከልብ እናመሰግናለን" የሚል። መልሱን አንብቤ ፋይል ውስጥ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ስለ አደጋ የተጻፈለት ሰው ለምን መልካም ምኞት አገኘሁ ብሎ ያመሰግናል ብዬ አልጠየቅኩም።

የምንሠራው ለትልልቅ ልብስ ማጠቢያ ቤቶች የሚሆን የእንፋሎት ማሽን ነው። የሆስፒታል አንሶላ ይቀቀልበታል። ክዳኑ ከላይ ይገጠምና በብረት መቆለፊያ ይያዛል። ባለፈው ወር ዋናው መካኒክ አንዱን ሲፈትሽ መቆለፊያው እንፋሎቱ ሳይወጣ እንደሚከፈት ደረሰበት። ያው መቆለፊያ የተገጠመላቸው አሥራ ሁለት ማሽኖች ባሕር ማዶ ላለ አንድ ደንበኛ ተልከው ነበር። ደንበኛው የእኛን ቋንቋ አያውቅም፣ እኛም የእሱን አናውቅም። የሚያገናኘን እንግሊዝኛ ነው፤ እሱም ለሁለታችንም የውሰት ነው።

"ማሽኑን አጥፍተው እንፋሎቱ እስኪወጣ ይጠብቁ፣ ከዚያ በፊት ክዳኑን እንዳይነኩት በያቸው፤ አዲስ መቆለፊያ እስክንልክ" አለኝ መካኒኩ። ያንን በስምንት መስመር ጻፍኩት። ረቂቁ ከእኔ ወደ ጋሼ ሄደ።

ጋሼ የእናቴ ወንድም ናቸው፤ የደብዳቤ ክፍሉም ኃላፊ ናቸው። ክፍሉ ማለት እሳቸውና እኔ ነን። የድርጅቱን የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ሠላሳ አንድ ዓመት ጽፈዋል። ደብዳቤያቸው ሁሉ "ክቡርነትዎ" ብሎ ስለሚጀምር ሠራተኛው ከኋላቸው በዚያው ይጠራቸዋል። እኔን፣ የሰው ጽሑፍ ስሰርዝ ስለምውል፣ "ቀይ እስክሪብቶ" ይሉኛል፣ እሱንም ከፊት ለፊቴ። ጋሼ አንድ ጥቁር ማህደር አላቸው፤ ምን ጊዜም የሚገለብጡት ከእሱ ነው። መጀመሪያ ሰላምታ ይመጣል፣ ቀጥሎ ስለ ወዳጅነታችን፣ ቀጥሎ ስለ ዕቃችን ጥራት፣ ቀጥሎ ስለ ተጣለብን እምነት። መጥፎ ወሬ ካለ ከአምስተኛው አንቀጽ በፊት ድርሽ አይልም። አምስተኛው አንቀጽ ደግሞ ሁልጊዜ ሁለተኛው ገጽ ላይ ይወድቃል።

ስምንቱ መስመሬ ገጽ ተኩል ሆኖ ተመለሰ። አምስተኛው አንቀጽ በእኛ ቋንቋ ቢመለስ እንዲህ ይል ነበር፦ "ከማሽኑ አጠቃቀም ጋር በተያያዘ፣ ክዳኑ ከታሰበው ጊዜ ቀደም ብሎ ሊላቀቅ የሚችልበት ሁኔታ ሊፈጠር እንደሚችል የተስተዋለ በመሆኑ፣ እንደተለመደው ተገቢው ጥንቃቄ ይደረግ ዘንድ በትሕትና ለማስታወስ እንወዳለን።" እንፋሎት የሚል ቃል የለበትም። እጅ የሚልም የለበትም። ሦስት ጊዜ ተከራከርኩ። ሥራ መውጫ ሰዓት ደርሶ ነበር፣ ለአራተኛ ጊዜ መጨቃጨቅ ሰለቸኝ፣ ጥጉ ላይ ምልክቴን አድርጌ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ዓርብ ጠዋት የማጠቢያ ቤቱ አለቃ መልእክት መጣ። አምስት ዓረፍተ ነገር ነበር። ሠራተኛችን ክዳን ስትከፍት ሁለት እጇ ተቃጠለ። ሆስፒታል ናት። ሌሎቹ አሥራ አንድ ማሽኖች ሰኞ ማለዳ እንደገና ሥራ ይጀምራሉ፣ የታማሚ አንሶላ አይጠብቅምና። ምን እናድርግ? ቢሯችን ከመዘጋቱ በፊት፣ በእናንተ ሰዓት ከአሥር በፊት፣ ፊርማና ማህተም ባለው ጽሑፍ መልሱልን፤ በስልክ የተነገረኝን ለሠራተኞቼ ማስነበብ አልችልም።

ስለ እንግሊዝኛችን ከተነሳ የሰውየው ከእኛ የተሻለ ነበር።

ሥራ አስኪያጁ በሩ ላይ እንደቆመ ጠየቀን። ድርጅቱን የመሠረቱት አባቱ ናቸው፤ እሱ የወረሰው ወንበሩን ነው።

"ደርሷቸዋል አይደል?"

"ደርሷቸዋል" አልኩት።

"ማስጠንቀቂያው ተጽፏል አይደል?"

"ገጽ ሁለት ላይ።"

"እንግዲያው ምን አደረግን? ያላነበበው እሱ ነው። በሉ ለዛሬው መልስ ስጡት፣ ረጋ ብላችሁ" አለና ሄደ።

ሦስት ሰዓት ተኩል ነበር። ጋሼ መነጽራቸውን አጽድተው ጥቁሩን ማህደር ከፈቱ።

"ጋሼ፣ ያንን ይተዉት።"

"ዝም በይ አንቺ። የተጎዳ ሰው አለ፤ በአክብሮት ነው የሚጻፈው።"

"በአክብሮት ጽፈን እኮ ነው የተቃጠለችው።"

እስክሪብቷቸው ቆመ። እንደገና ሄደ። "የሰው ቤት ገብተሽ፣ ሰላም ሳትይ፣ ቤታችሁ ይቃጠላል ትያለሽ?"

"እየተቃጠለ ከሆነ አዎ።"

"ይኼን ነው ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩሽ?"

"እሱን እንኳን አላስተማሩኝም። እዚያም ገጽ መሙላት ነው ያስተማሩኝ።"

ሊስቁ ምንም አልቀራቸውም። ግን መጻፋቸውን አላቆሙም፤ አንገቴን ሳሰግግ የመጀመሪያው መስመር ላይ "ክቡርነትዎ" የሚለውን አየሁት። ክርክር እንደማያዋጣ ገባኝ። የዛሬ ዘጠኝ ቀንም ክርክር ነበር የያዝኩት።

የመገጣጠሚያው ግድግዳ ላይ ከጋሼ የሥራ ዕድሜ የማይተናነስ ጽሑፍ አለ፣ በትልልቅ ቀይ ፊደል፦ "ሳይሞከር የሚወጣ የለም።" ብሎን ሳይቀር ይሞከራል። ከዚህ ግቢ ሳይሞከር የሚወጣ አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ደብዳቤ።

የተላከውን ደብዳቤና የራሴን ስምንት መስመር አትሜ ወረድኩ። ጋሼ "የት ነው የምትሄጂው? አንቺ ልጅ!" እያሉ ተከተሉኝ።

መካኒኩን "ጆሮ" ይሉታል፣ የማሽን በሽታ በድምፅ ብቻ ስለሚያውቅ። የምፈልገውን ስነግረው ራሱን ነቀነቀ።

"እኔ አልሆንም። ችግሩን አውቀዋለሁ። የማያውቅ ሰው ፈልጊ።"

የማያውቅ ሰው ሦስት ሜትር ርቀት ላይ በር እየቀባች ነበር። ቀለም ቀቢዋ ከገባች ሁለት ሳምንቷ ነው።

"እንግሊዝኛ ታነቢያለሽ?"

"አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ" አለች ብሩሹን ቆርቆሮው ላይ አስቀምጣ። "እንግሊዝኛው ግን ወድቆ ቀርቷል።"

"ይበቃል። አሁን አንቺ ማጠቢያ ቤት ነው የምትሠሪው። ማሽኑ ሲሠራ ውሏል። ይኼ ደብዳቤ መጣልሽ። አንብቢና የሚልሽን አድርጊ።"

ያልተቀባ ባዶ ማሽን ፊት አቆምናት። መብራት እንጂ ውኃ የለበትም። የተላከውን ደብዳቤ ሰጠኋት። ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አነበበች። ሠራተኛው አንድ ሁለት እያለ ተሰበሰበ።

"ምን ይላል?" አለ አንዱ።

"ቆይ፣ ገና ሰላም እየተባባልን ነው።"

ትንሽ ቆየ።

"አሁንስ?"

"አሁን እየወደዱኝ ነው።"

ጋሼ ከኋላዬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ልጅቷ ሁለተኛውን ገጽ ገለጠች፣ ዓይኗን ከላይ እስከ ታች አንድ ጊዜ አወረደችው፣ ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ከተተችና ክዳኑን ብድግ አደረገችው።

"ለምን ከፈትሽው?" አልኳት።

"ታዲያ ምን ላድርገው? ስለ ክዳን የሆነ ነገር ይላል፣ እንደተለመደው ይላል። እንደተለመደው ከፈትኩት።" ዙሪያውን አየች። "ምን ሆናችሁ? ማነው የጻፈው?"

"እኔ ነኝ" አሉ ጋሼ።

"ውይ፣ ይቅርታ ክቡርነት... ጋሼ!"

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነው። ጋሼ ፊታቸው አልተለወጠም። እኔ ቸኩዬ ስለነበር ክዳኑን መልሼ ዘግቼ የራሴን ወረቀት ዘረጋሁላት። እውነቱን ለመናገር ማሸነፌን ለማየት ነበር የቸኮልኩት።

ስምንቱን መስመር ወዲያው ጨረሰችው። ማብሪያ ማጥፊያውን አጠፋች። የግፊት መለኪያውን አየች፤ መርፌው ዜሮ ላይ ነበር። ክዳኑን ከፈተችው።

"ሞተሻል" አላት ጆሮ።

"እንዴ! የታዘዝኩትን ነው ያደረግኩት። አጥፊ ይላል፣ አጠፋሁ። እንፋሎቱ እስኪወጣ ጠብቂ ይላል፤ ዜሮ ነው፣ ወጥቷል። ክፈቺ ይላል፣ ከፈትኩ።"

"ያ መርፌ ይዋሻል። ዜሮ ካለ በኋላም ግማሽ ሰዓት ያህል ውስጡ እንፋሎት ይኖራል።"

ወደ እሱ ዞርኩ። "ይኼን ለምን አልነገርከኝም?"

"እስኪወጣ ይጠብቁ ብዬሻለሁ።"

"መውጣቱን በምን ያውቃሉ?"

"በምን ያውቃሉ ማለት..." ቆም አለ። "እኔ እሰማዋለሁ።"

የእኔ አጭር፣ ንጹሕ፣ ጥቁሩ ማህደር ያልነካው ደብዳቤም ያችን ሴት ያቃጥላት ነበር። ልዩነቱ ቶሎ ማንበቧ ነው። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ጥፋቱን የጋሼ ጥቁር ማህደር ላይ ስደፋ፣ አንድም ጊዜ የራሴን አንብቤ ሰው ምን እንደሚያደርግ አላሰብኩም። ማፈር ይቻላል፤ ግን ሰዓቱ አምስት ከሩብ ነበር።

ከዕቃ ማስቀመጫው ሰሌዳ ላይ ብሎኖቹን ገፋሁና ባዶ ወረቀት አነጠፍኩ።

"ጆሮ፣ ስንት ደቂቃ?"

"ሠላሳ።"

"እርግጠኛ ነህ?"

"አርባ በይ። ግድግዳ ላይ ባለ ሰዓት ይቁጠሩ። መርፌውን እንዳያምኑ በያቸው።"

ጋሼ ከጎኔ መጥተው ቆሙ። ይቃወማሉ ብዬ ነበር። "ማን ነው የሚያነበው?" አሉ።

"አለቃው።"

"አለቃው አይደለም። አሥራ አራት ዓመት ተጻጽፈናል። ደብዳቤ የሚከፍተው ጸሐፊያቸው ነው። ወደ ማጠቢያ ቤቱ የሚያወርደው የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ ነው፤ ሌላውን ያስቀምጠዋል። ሁለተኛ ገጽ ላይ የጠየቅኩት ነገር አንድም ቀን መልስ አግኝቶ አያውቅም።"

እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። "ይኼን ያውቁ ነበር?"

"አውቃለሁ።"

"እያወቁ ነው እዚያ የከተቱት?"

ጋሼ ወረቀቱን እንጂ እኔን አላዩም። "ዕቃ ሲዘገይ፣ ቀለም ሲበላሽ፣ እዚያ እጽፈዋለሁ። ተጽፏል ለማለት ይጻፋል፤ ማንም አይቆጣም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ማንም ተቆጥቶን አያውቅም።" ትንፋሻቸውን ወሰዱ። "ለዘገየ ዕቃ ይሠራል። ለሰው እጅ አልሠራም።"

እስክሪብቶዬን መልሼ አነሳሁ። "አንድ ገጽ ይሁን" አልኩ።

"ግማሽ ገጽ ይሁን" አሉ ጋሼ። "ክዳኑ ላይ እንዲለጥፉት። ፊደሉን አተልቂው። ቃሉም እነሱ የሚያውቁት ይሁን፤ ያ 'መላቀቅ' ያልኩትን 'መክፈት' በይው።"

ሠራን። እሳቸው ቃል ይሰጣሉ፣ እኔ እሰርዛለሁ፤ እኔ ቃል እሰጣለሁ፣ እሳቸው ይሰርዛሉ። ልጅ ሳለሁ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ እንግሊዝኛ ሲያስጠኑኝ እንዲሁ ነበር፤ ያኔ ግን የሚሰርዙት እሳቸው ብቻ ነበሩ። በመጨረሻ የቀረው ይህ ነው፦

"አደጋ። ይህ ክዳን ሰው ያቃጥላል። መቆለፊያው ብልሽት አለበት። ማሽኑን አጥፉ። በግድግዳ ሰዓት አርባ ደቂቃ ቁጠሩ። መርፌው ዜሮ ቢልም አትመኑት። ከአርባ ደቂቃ በኋላ ብቻ ክፈቱ። አዲስ መቆለፊያ እንልካለን።"

ቀለም ቀቢዋን እንደገና ጠራናት። አነበበች። ማሽኑን አጠፋች። ቀና ብላ የግድግዳውን ሰዓት አየች። ከዚያ ባዶ የቀለም ባልዲ ጎትታ ገለበጠችውና ተቀመጠችበት።

"ምን እያደረግሽ ነው?" አላት ጆሮ።

"አርባ ደቂቃ ይላል።"

"መርፌው ዜሮ ነው እኮ፤ ክፈቺው።"

"እሱ ውሸታም ነው ተብያለሁ። አትጨቅጭቀኝ፤ ይልቅ ሻይ አስመጣልኝ።"

መጀመሪያ የሳቁት ጋሼ ነበሩ።

ስምንት ሰዓት ላይ ወረቀቱን አትመን ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባን። ቆሞ አነበበው፤ ተቀምጦ ደገመው።

"'መቆለፊያው ብልሽት አለበት' ምን ማለት ነው? ይኼ እኮ ጥፋተኛ ነን ማለት ነው።"

"ብልሽት አለበት ማለት ነው" አልኩት።

"አውጪው። መርፌውንም አውጪው። 'ተገቢው ጥንቃቄ ይደረግ' በይ፣ በቃ።"

"መርፌውን ካወጣሁት መርፌውን ያምኑታል። ታች ወርደው ይዩ፣ ሞክረነዋል።"

"ደብዳቤ ይሞከራል እንዴ?"

"ከዛሬ ጀምሮ አዎ።"

"በዚህ ላይ አልፈርምም" አለና ወረቀቱን በጣቱ ጫፍ ወደ እኔ ገፋው።

ጋሼ ወረቀቱን አነሱት። በደረት ኪሳቸው ያለውን እስክሪብቶ አወጡና፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሌላ ሰው ፊርማ ሲያርፍበት ያዩት ቦታ ላይ የራሳቸውን አኖሩ። ማህተሙ እሳቸው ዘንድ ነው። ከኮታቸው ኪስ አውጥተው ሁለት ጊዜ እፍ አሉበትና መቱት።

"ጋሼ! አባቴ ቢኖር ይኼን ያደርጉ ነበር?"

"አባትህ ሳይሞክር አይልክም ነበር፤ ግድግዳው ላይ የጻፈው እሱ ነው። እኔ ነኝ እዚህ ፎቅ የማይሠራ ያስመሰልኩት።" ወረቀቱን ለእኔ ሰጡኝ። "ላኪው።"

እዚያው ቢሮው ጥግ ባለው ስካነር አነሳሁትና በኢሜይል ላክሁት። ስምንት ሰዓት ከአርባ ነበር። ማንም ከክፍሉ አልወጣም። ሥራ አስኪያጁ ስልኩን ያገላብጣል፤ ጋሼ መነጽራቸውን ያጸዳሉ፤ እኔ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጬ ባዶውን ስክሪን አያለሁ። ዘጠኝ ሆነ። ዘጠኝ ተኩል ሆነ። ጸሐፊያቸው ሻይ ሊጠጣ ወጥቶ ይሆናል ብዬ አሰብኩ፤ ከዚያ ጸሐፊያቸው ፋይል ውስጥ ከቶት ይሆናል ብዬ አሰብኩ፤ እኔም አንድ ጊዜ እንዲሁ አድርጌያለሁና።

አሥር ሩብ ጉዳይ ሲሆን መጣ። ጮክ ብዬ አነበብኩት።

"ገብቶናል። አሥራ አንዱንም እንዳጠፋን ነው። ወረቀቱ እያንዳንዱ ክዳን ላይ ተለጥፏል። ሰኞ አርባ ደቂቃ እየቆጠርን እንሠራለን። አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ይህን ለምን ቀድማችሁ አልነገራችሁንም?"

ጋሼ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሥራ አስኪያጁ ግን ነፍሱ መለስ አለች።

"ጥሩ ጥያቄ ነው! መልሱ እጃችን ላይ ነው። በዚህ ቀን፣ በዚህ ቁጥር በተጻፈ ደብዳቤ አስጠንቅቀናችኋል በይው። ውሸት አለበት? የለበትም። አንቺ አጭርና ግልጽ ነው የምትወጂው፤ ይኸው አጭርና ግልጽ።"

እውነት ነው፣ አጭር ነበር። አንድም ስህተት አይገኝበትም። ሰውየው ያንን ቢያነብ ግን ጸሐፊውን ያባርራል፤ ሴትየዋም ሆስፒታል ተኝታ ጥፋቱ የራሷ ሰዎች እንደሆነ ይነገራታል። እጄን ፊደሎቹ ላይ አደረግኩና ጻፍኩ፤ ጋሼ በትከሻዬ ላይ ያነባሉ።

"ከዘጠኝ ቀን በፊት ጽፈንላችሁ ነበር። አደጋው ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ አምስተኛው አንቀጽ ውስጥ ነበር፤ ግልጽ ሆኖ አልተጻፈም።"

"'አልተጻፈም' አትበይ" አሉ ጋሼ። "ማን ነው ያልጻፈው? ራሱ ነው ያልተጻፈው?"

አረምኩት። "ግልጽ አድርገን አልጻፍነውም። ጥፋቱ የእኛ እንጂ የእናንተ አይደለም። ይህን ለተጎዳችው ሠራተኛችሁ ንገሯት።"

"አሁን ሆነ" አሉ።

ሥራ አስኪያጁ መጥቶ አነበበ። ፊቱ ቀላ። "ይኼን ከላክሽ ሰኞ እንዳትመጪ።"

"ሰኞ አዲሶቹ መቆለፊያዎች ይወጣሉ" አልኩት። "አብሯቸው የሚሄድ የመግጠሚያ መመሪያ አለ። የሚጽፈው ሰው ካለዎት አልመጣም።"

ወደ ጋሼ ዞረ። "ጋሼ፣ እርስዎ ይጻፉታል።"

"እኔ?" አሉ ጋሼ፣ ማህተሙን በመሐረብ እየጠቀለሉ። "እኔ እንግሊዝኛ የት አውቄ። ያቺን ቀለም ቀቢ ጠይቃት።"

ላክሁት። አሥር ሊሞላ አራት ደቂቃ ይቀረው ነበር። ሥራ አስኪያጁ ገና እየተናገረ ነው፤ ስለ ስም፣ ስለ ድርጅት፣ ስለ ወዳጅነት፣ ስለ ተጣለብን እምነት። አራቱን አንቀጽ በቃሉ ይዞታል። አምስተኛውን አልጠበቅኩም። ቦርሳዬን አነሳሁ፣ ጋሼን አስቀደምኩ፣ ወጣሁና በሩን ዘጋሁት።